ሰው መጥቶ የሚሞክረው ማስታወቂያ፦ ስለ ቀጥታ የብራንድ ዝግጅቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ብራንዳቸውን ከስክሪን አውጥተው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ማገናኘት የሚፈልጉ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ። እዚህ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ። አንዳንዱ መልስ ረዥም ነው፣ አንዳንዱ ሁለት መስመር፤ ጥያቄው የሚፈልገውን ያህል ነው የጻፍኩት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ይሄ ነገር ምንድነው? ከተለመደው ኢቨንት በምን ይለያል?

እዚህ የመጣው ሰው የሚሠራው ነገር አለው። ይቀምሳል፣ ይነዳል፣ ይገጣጥማል፣ ይወዳደራል፣ ይመርጣል። በተለመደው ኢቨንት ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ንግግርና ሙዚቃ ይሰማል፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል። ብራንዱ ከኋላ ባነሩ ላይ ተለጥፏል፤ ከሰውየው ጋር ግን አልተዋወቁም።

ቀላል መለያ ልስጣችሁ። ከዝግጅቱ የወጣን ሰው «እዚያ ምን ስታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። «ጫማውን አድርጌ ሮጥኩበት» ወይም «ሽቶውን ራሴ ቀመምኩት» ካለ የምናወራው ስለዚህ ነው። «አሪፍ ነበር፣ ሰው ብዙ ነበር፣ ቲሸርት ሰጡን» ካለ ግን ድግስ ነው የደገሳችሁት። በሙያው ስሙ ኤክስፔሪየንሺያል ማርኬቲንግ ነው፤ ሥራው ላይ ያሉት በአጭሩ አክቲቬሽን ይሉታል።

አዲስ ፋሽን ነው?

በፍጹም። በ1893 ቺካጎ ውስጥ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የታሸገ ምግብ አምራቹ ሄንሪ ሄይንዝ የደረሰው ቦታ ፎቅ ላይ ነበር። ሰው ደግሞ ታች ሲዞር ውሎ ደክሞታል፤ ደረጃ ወጥቶ የታሸገ ምግብ የሚያይበት ምክንያት የለውም። ሄይንዝ ትንንሽ ካርዶች አሳትሞ ግቢው ውስጥ አስበተነ። ይህን ካርድ ይዞ ፎቅ ለመጣ ሰው ነጻ ስጦታ አለ ይላል። ሰው ጎረፈ። የመጣው ሁሉ ምግቦቹን ቀመሰ፣ የኪያር ቅርጽ ያላት ትንሽ ጌጥ ተሰጠችውና ወረደ። የሕዝቡ ብዛት የፎቁን ወለል እንዳጎበጠው በጊዜው ተጽፏል። እኔ ግን ከጌጧ ይልቅ ቅምሻውን ነው የማየው። ጌጧ ሰውን ደረጃ አስወጣችው፤ ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ዕቃውን ሱቅ ላይ ሲያይ እንዲያስታውሰው ያደረገው በአፉ የቀረው ጣዕም ነው ባይ ነኝ።

ከዚያ በኋላም ብዙ አለ። ቋሊማ አምራቹ ኦስካር ማየር በ1936 ሙሉ ቋሊማ የመሰለ መኪና አሠርቶ በየመንገዱ ማዞር ጀመረ፣ መኪናው ዛሬም ይዞራል። ፔፕሲ በ1975 ሰዎች ብራንዱን ሳያውቁ ሁለት መጠጥ ቀምሰው የሚመርጡበትን ውድድር አመጣ። ነገሩ በሰፊው መወራት የጀመረው ደግሞ ጆሴፍ ፓይንና ጄምስ ጊልሞር በ1998 ሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ በጻፉት ጽሑፍ ነው። ኩባንያዎች ከዕቃና ከአገልግሎት አልፈው ሰው የሚያሳልፈውን ጊዜ ራሱን መሸጥ እየጀመሩ ነው አሉ።

ግን ለምንድነው የሚሠራው? ቪዲዮ አይበቃም ወይ?

ቪዲዮ ብዙ ሰው ጋር ይደርሳል፣ በርካሽም ይደርሳል። ነገር ግን ሰው በእጁ የሠራውን ነገር የሚመዝነው ሌላው ካሳየው ነገር በተለየ ሚዛን ነው። ይህ ዝም ብሎ የሚባል ነገር አይደለም። ማይክል ኖርተን፣ ዳንኤል ሞቾንና ዳን አሪየሊ በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የኢኬአ (ገዢው ራሱ የሚገጣጥመውን የቤት ዕቃ የሚሸጥ ኩባንያ ነው) ሣጥን እንዲገጣጥሙ፣ ወረቀት አጥፈው ቅርጽ እንዲሠሩ፣ በሌጎ የመጫወቻ ቁራጮች እንዲገነቡ አደረጉ። ሰዎቹ ራሳቸው ለሠሩት ነገር ከሌላው አስበልጠው ዋጋ ሰጡ። የወረቀት ቅርጻቸው የተጣመመ ሆኖም የባለሙያ ሥራን ያህል ቆጠሩት።

ከዚያ ጥናት ውስጥ ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ግን ብዙ የማይወራለት ክፍል ነው። ሥራውን ሳይጨርሱ እንዲያቆሙ የተደረጉት ወይም የሠሩት የፈረሰባቸው ሰዎች ላይ ውጤቱ ጠፋ። ስለዚህ ዝግጅታችሁ ላይ ሰው የጀመረውን ነገር መጨረስ አለበት። ወረፋ ስለበዛ «በቃ እዚህ ጋ አቁም፣ ቀጣዩ ይግባ» ከተባለ ያ ሁሉ ድካም ሜዳ ላይ ቀረ። የሚሠራውን ነገር አሳንሱት፣ ግን ሙሉ ይሁን።

ሌላው ደግሞ የትዝታ ጉዳይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካኔማን ከባልደረቦቹ ጋር በ1993 ባወጣው ሙከራ ተሳታፊዎች እጃቸውን ሁለት ጊዜ በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከሩ። አንዱ ለ60 ሰከንድ ብቻ ነው። ሌላው ያንኑ 60 ሰከንድ ሆኖ ተጨማሪ 30 ሰከንድ አለው፤ በዚያች ጭማሪ ውኃው ትንሽ ሞቅ ይላል። የትኛውን ትደግማላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረዥሙን መረጡ። ጠቅላላ ሥቃዩ ብዙ ሆኖ ሳለ፣ መጨረሻው ስለተሻለ። ሰው የሚያስታውሰው ከፍ ያለውን ቅጽበትና መጨረሻውን ነው ማለት ነው። ብዙ አዘጋጅ ግን ገንዘቡን በሙሉ መግቢያው ላይ ያፈሳል፤ ትልቅ በር፣ አበባ፣ ቀይ ምንጣፍ። መውጫው ላይ ሰውየው ባዶ ካርቶን እየተሻገረ ይሄዳል። ከመግቢያው ቀንሳችሁ መውጫው ላይ አውሉት።

ሐሳቡን ከየት ልጀምር? ምን ልሥራ?

ከሰው ጥርጣሬ ጀምሩ። ከሁሉም ጥያቄ በላይ የምቆምለት ይህ ነው።

ሰው ዕቃችሁን የማይገዛበት አንድ ዋና ምክንያት አለ። «ይጣፍጣል ብዬ አላስብም።» «ለኔ ይከብዳል።» «ቶሎ ይበላሻል።» «እንደኔ ላለ ሰው አይሆንም።» ያንን ጥርጣሬ ፈልጋችሁ አግኙትና ሰውየው ራሱ፣ በራሱ እጅ፣ ከእናንተ ማብራሪያ ሳይሰማ የሚፈትሽበትን መንገድ ሥሩለት። ዝግጅቱ በሙሉ ያ ነው። ድንኳኑ፣ ቀለሙ፣ ሙዚቃው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የፔፕሲን እንደገና እንየው። የሰው ጥርጣሬ «ኮካ ይበልጣል» የሚል ነበር። ፔፕሲ «እኛ እንጣፍጣለን» እያለ ሊጮህ ይችል ነበር፤ ምልክት የሌለው ብርጭቆ አቀረበና ፍርዱን ለቀማሹ ተወ። አፕል በ2001 የመጀመሪያዎቹን ሁለት መደብሮች ሲከፍትም ኮምፒውተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ክፍት አድርጎ አስቀመጣቸው፣ የፈለገ ቁጭ ብሎ ይነካካል። «ለኔ ይከብደኛል» ብሎ ለሚፈራ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ጥርጣሬውን እንዴት ታገኙታላችሁ? ገዝቶ ያልተመለሰውን ደንበኛ ጠይቁ። ሱቅ ገብቶ ዕቃውን አንሥቶ የመለሰውን ጠይቁ። ሽያጭ ላይ ያሉ ልጆቻችሁን ጠይቁ፤ እነሱ በየቀኑ ይሰሙታል፣ ስብሰባ ላይ ግን የሚጠይቃቸው የለም። የማርኬቲንግ ክፍሉ ብቻውን ክፍል ዘግቶ የሚያወጣው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ያምራል፤ የገዢውን ጥርጣሬ ግን አይነካም።

የምንሸጠው አገልግሎት ነው። የሚነካ ነገር የለንም።

አላችሁ። የሒሳብ አያያዝ ሶፍትዌር ከሆነ ሰው የተዝረከረከ ደረሰኙን ይዞ ይምጣ፣ እዚያው በሩብ ሰዓት ውስጥ ራሱ አስገብቶ የወሩን ወጪውን ይይ። ኢንሹራንስ ከሆነ በእጁ ያለውን የድሮ ውል ይዞ ይምጣ፣ ባለሙያ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ምን እንደሚሸፍንና እንደማይሸፍን አብሮት ያንብብ፣ የእናንተ ውል ባይሆንም። ትምህርት ቤት ከሆነ አንድ እውነተኛ አጭር ክፍለ ጊዜ አስተምሩ። ሰውየው የራሱን ጉዳይ ይዞ መጥቶ ተፈቶለት ከሄደ፣ ያ ከማንኛውም ዕቃ በላይ የሚነካ ነገር ነው።

በጀቴ ትንሽ ነው። ይህ የትልልቆች ጨዋታ አይደለም?

አይደለም። አንድ ጠረጴዛ፣ ነገሩን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሁለት ሰዎችና አንድ ጥሩ ሙከራ ይበቃል። ትልቅ በጀት ያለው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ገንዘቡን ዓይን ላይ ስለሚያጠፋው ነው፤ ግዙፍ ስክሪን፣ ፊኛ፣ መድረክ፣ ታዋቂ ሰው።

ትንሽ ገንዘብ ያለው መጀመሪያ ያለውን ይቁጠር። ኢኬአ በ2011 እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ውስጥ ባለው መደብሩ 100 ሰዎችን ሌሊቱን አሳድሮ ነበር። ሐሳቡ የመጣው ወደ 100,000 የሚጠጉ አባላት ካሉት የፌስቡክ ግሩፕ ነው፤ ሰዎቹ ኢኬአ ውስጥ ማደር እንፈልጋለን እያሉ ይጻጻፉ ነበር። መደብሩ አለ፣ አልጋውና ፍራሹ አለ። የጨመረው ዝግጅቱን የሚያሞቅ ነገርና እንቅልፍን የሚያውቅ አማካሪ ነው። እናንተም ወርክሾፕ ካላችሁ ወርክሾፑን ክፈቱት። ሰው ነገር ሲሠራ ማየት ይወዳል፣ አንዷን ቁራጭ ራሱ ከሠራ ደግሞ ለሰው ሁሉ ያወራል።

መቀነስ ግድ ከሆነ ከማስዋቢያው ቀንሱ። ከሠራተኛው ብዛትና ከሥልጠናው አትቀንሱ።

ናሙና ማደል አይበቃም?

አንዳንድ ምርት ላይ ይበቃል፣ በተለይ የሚበላና የሚጠጣ ላይ። ግን እያለፈ ላለ ሰው እጅ ላይ ጣል ማድረግና ቆሞ እንዲቀምስ፣ እንዲያወዳድር፣ እንዲናገር ማድረግ በጣም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ቦርሳ ውስጥ ይረሳል።

ቪአር (ሌላ ቦታ ያለን የሚያስመስል መነጽር)፣ ሮቦት፣ ትልቅ ስክሪን ያስፈልገኛል?

ጥርጣሬውን የሚፈታ ከሆነ አዎ። ለማስደነቅ ብቻ ከሆነ ተዉት። ከማዘዛችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሒሳብ ሥሩ። አንድ የቪአር መነጽር አለ እንበል። ሰው አንዴ ሲያደርገው 5 ደቂቃ ይቆያል፣ ለማጽዳትና ለማስተካከል 1 ደቂቃ። በሰዓት 10 ሰው ነው። ስምንት ሰዓት ያለ ዕረፍት ቢሠራ 80 ሰው። ያን ሁሉ ከፍላችሁ ለ80 ሰው ነው፣ ያውም ምንም ሳይበላሽ። ለአንዳንድ ሥራ 80 ሰው በቂ ነው፣ ቤት የሚሸጥ ሰው 80 እውነተኛ ገዢ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ለሳሙና ግን አይሆንም።

ለማወዳደር፣ ቮልስዋገን በ2009 ስቶክሆልም ውስጥ ኦደንፕላን ባቡር ጣቢያ ያለውን ደረጃ የፒያኖ ቁልፍ አስመስሎ ሠራው፣ ሲረግጡት ድምፅ ይሰጣል። አጠገቡ ኤስካሌተር አለ። ከወትሮው 66 በመቶ የበለጠ ሰው በደረጃው እንደሄደ አዘጋጆቹ ገልጸዋል። መመሪያ የለ፣ ምዝገባ የለ፣ ሰልፍ የለ። እግሩን ያሳረፈ ሁሉ ገባው። አስረጂ ቆሞለት ካልተብራራ የማይገባ ነገር አደባባይ ላይ አይሠራም።

ስንት ሰው ልጠብቅ? ሰልፉ ቢበዛስ?

ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። በሰዓት ስንት ሰው ማሳለፍ እንደምትችሉና በዚያው ሰዓት ስንት ሰው ሊመጣ እንደሚችል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበለጠ ሰልፍ ይፈጠራል፣ ሰልፉም በየሰዓቱ እየረዘመ ይሄዳል። ብዙ ሰው የቀኑን ጠቅላላ ቁጥር ይዞ ይረጋጋል፤ ሰው ግን ተከፋፍሎ አይመጣም፣ ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ግር ብሎ ይመጣል።

ከዚያ በላይ ደግሞ የደኅንነት ጉዳይ አለ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ሕዝብ ቆሞ በሚጠብቅበት ቦታ በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ሰው ሲደርስ አደጋው እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ ሲያልፍ ሰው በራሱ ፈቃድ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ከኋላ የመጣ ግፊት ወደፊት ይተላለፋል። ቦታችሁን በሜትር ለኩት፣ ከፍተኛውን ቁጥር ቀድማችሁ ወስኑ፣ ሲሞላ በሩን የሚዘጋ ሥልጣን ያለው አንድ ሰው መድቡ። መግቢያና መውጫው አንድ በር አይሁን። «ነጻ ነው፣ ቀድሞ ለመጣ» የሚል ማስታወቂያ ስትለቁ ምን እየጠራችሁ እንደሆነ አስቡ። ማክዶናልድስ በኦክቶበር 2017 አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ቀን ብቻ የሼችዋን ሶስ እንደሚሰጥ አስነገረ። በየቅርንጫፉ የነበረው ጥቂት ነበርና ሰው ሰዓታት ቆሞ ባዶ እጁን ተመለሰ፣ ቁጣው ቪዲዮ ላይ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ወደ 20 ሚሊዮን ፓኬት አዘጋጅቶ መካስ ነበረበት።

ሰልፍ የማይቀር ከሆነ ሰልፉ ውስጥ ያለውን ሰው አትርሱት። ስንት ደቂቃ እንደሚቀረው ንገሩት። ጥላ፣ ውኃ፣ መቀመጫ። የሙከራውን የመጀመሪያ ክፍል ሰልፉ ላይ እያለ ቢጀምርማ የበለጠ ነው፣ ለምሳሌ የሚፈልገውን ቀለም እዚያው ይምረጥ።

ሳናሳውቅ ድንገት ከተማ መሀል ብቅ ብንል ደስ አይልም?

ለተመልካቹ ድንገተኛ ይሁን። ለፖሊስ፣ ለቦታው ባለቤትና ለእሳት አደጋ ግን በጭራሽ ድንገተኛ መሆን የለበትም። በጃንዋሪ 2007 ቦስተን ውስጥ አንድ የካርቱን ፕሮግራም ለማስተዋወቅ የሚበሩ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች በድልድይና በየሕዝብ ቦታው ተሰቀሉ። ሰው ቦምብ መሰለው። መንገዶች ተዘጉ፣ የቦምብ ቡድን ወጣ። የቴሌቪዥን ኩባንያው ተርነር ብሮድካስቲንግና አብሮት የሠራው ድርጅት 2 ሚሊዮን ዶላር ከፈሉ፣ የካርቱን ኔትወርክ ኃላፊም ሥራቸውን ለቀቁ። አስቀድሞ መነጋገር ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

ፈቃድ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ከዲዛይኑ በፊት ይጠየቁ። የቦታው ደንብ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን ይቀይረዋልና፣ ዲዛይኑ ካለቀ በኋላ ማወቁ ሁለቴ ያስከፍላል።

ዝናብ ወይም ሙቀት ቢበላሽብንስ?

በትክክለኛው ሰዓት፣ በትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው መጠን አስቀድማችሁ ሞክሩት። መጠጥ አምራቹ ስናፕል በጁን 2005 ኒውዮርክ ዩኒየን ስኩዌር ላይ በዓለም ትልቁን የበረዶ ከረሜላ ሊያቆም ነበር። 17.5 ቶን፣ 25 ጫማ ቁመት። ክሬን ሲያነሣው ከጠበቁት በላይ ቀልጦ ነበር፤ ጣፋጩ ፈሳሽ መንገዱን አጥለቀለቀው፣ ሰው አዳለጠው፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መንገድ ዘግተው በውኃ አጠቡ። ቢሮ ውስጥ የሠራ ነገር ፀሐይ ላይ ሌላ ነገር ነው።

ቦታው ላይ ማንን ላቁም? ቆንጆ ፕሮሞተሮች ልቅጠር?

ምርቱን የሚያውቅና ሰው የሚወድ ሰው አቁሙ። ከቻላችሁ ዕቃውን የሚሠራውን ራሱን። ለአንድ ቀን የተቀጠረ ልጅ ሁለት ዐረፍተ ነገር ሸምድዶ ይመጣል፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ያልቅበታል፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ ያላሠለጠነው ሰው ነው። ፕሮሞተር የምትቀጥሩ ከሆነ ከዝግጅቱ በፊት ምርቱን ወስደው ቤታቸው ይጠቀሙበት። የማያውቁት ነገር ሲጠየቁ «አላውቅም፣ ጠይቄ ልምጣ» የማለት ፈቃድ ስጧቸው፣ የሚጠየቅም ሰው አጠገባቸው ይኑር።

ዕረፍትም ስጧቸው። ለሰዓታት ቆሞ ፈገግ ማለት ከባድ የጉልበት ሥራ ነው። አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ የመጣው እንግዳ ጠዋት የመጣው ያገኘውን ፊት ማግኘት አለበት፤ ያ ደግሞ በተራ ካልተቀያየሩ አይሆንም።

ሶሻል ሚዲያ ላይ እንዲወራ ምን ላድርግ?

ዋናው ቁጥር ያለው እዚያ መሆኑ እውነት ነው። በኦክቶበር 2012 ፓራሹት ዘላዩ ፊሊክስ ባውምጋርትነር በሬድ ቡል ድጋፍ ከ39 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ሲዘል ቦታው ላይ የነበረው ሰው ጥቂት ነው፤ ዩቲዩብ ላይ በአንድ ጊዜ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ይመለከት ነበር። ኮካ ኮላም አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲጫኑት ከመጠጥ ሌላ አበባና ፒዛ የሚያወጣ ማሽን አቁሞ በድብቅ ቀረጸና በ2010 ለቀቀው። የተገረሙት የአንድ ግቢ ተማሪዎች ናቸው፣ ያየው ግን ዓለም ነው።

ሁለቱም የሠሩት ግን ካሜራው ፊት የሆነው ነገር እውነተኛ ስለነበር ነው። ሰው የተቀነባበረ ሣቅን ቶሎ ይለያል። ስለዚህ ሃሽታጉን ከማሰባችሁ በፊት ቦታው ላይ ያለው ሰው በእርግጥ ደስ ይበለው።

ፎቶ መነሻ ቦታ ስትሠሩ ደግሞ ሎጎውን አሳንሱ። ሰው የሚለጥፈው የራሱን ፎቶ ነው፤ የሠራውን ነገር ይዞ ቢቆም፣ ስሙ የተጻፈበት ቢሆን ይለጥፈዋል። ግድግዳ የሚያህል ሎጎ ፊት የተነሣውን ግን ስልኩ ላይ ያስቀረዋል። የምትቀርጹ ከሆነ በሚታይ ቦታ ጻፉ፣ ፊቱን የማይፈልግ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ተዉለት።

ኢንፍሉዌንሰር ልጥራ?

ምርቱን በእርግጥ የሚጠቀም ከሆነ ጥሩት፣ እሱም እንደሌላው ሰው ይሞክር። ለሰላምታ ብቻ ከመጣ ሰው እሱን አይቶ ይሄዳል።

የሰዎችን ስልክና ኢሜይል መሰብሰብ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ግን ጊዜውን ጠብቁ። መግቢያ ላይ ቅጽ የሚያስሞላ ብራንድ ገና ምንም ሳይሰጥ እየተቀበለ ነው። ሰውየው ሞክሮ፣ ወዶ፣ የሠራውን ፎቶ ወይም ውጤት ልላክልህ ሲባል በደስታ ይሰጣል። ያኔ አድራሻው እውነተኛ ነው፤ በግድ የተሞላ ቅጽ ላይ ግን ግማሹ የፈጠራ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ለምን እንደምትጠቀሙበት በቀጥታ ንገሩት፣ ለዚያው ብቻ ተጠቀሙበት። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ከሜይ 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፣ ብዙ አገሮችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ልጆች የሚመጡበት ዝግጅት ከሆነ ወላጅ ሳይፈቅድ ምንም አትውሰዱ፣ ፎቶም ጭምር።

ለአንድ ቀን ይሁን ወይስ ለወራት?

እንደ ጥርጣሬው ነው። በአንድ ቅምሻ የሚፈታ ከሆነ አንድ ቀን በቂ ነው። ሰው ተመላልሶ ማየት ካለበት ለሳምንታት የሚቆይ ፖፕ-አፕ ሱቅ ይሻላል። አንዳንዶቹ ደግሞ ጨርሶ ቋሚ አድርገውታል። ሌጎ በ1968 ዴንማርክ ቢሉንድ ላይ ሌጎላንድ የተባለ የመዝናኛ ፓርክ ከፈተ፣ ቢራ ጠማቂው ጊነስም በ2000 ደብሊን ውስጥ የድሮ ፋብሪካውን ሕንፃ ጎብኚ የሚዘዋወርበት ቦታ አደረገው። ሰዎች ከፍለው ይገባሉ። እዚያ ለመድረስ ግን በትንሹ ጀምሮ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይቀድማል።

ውጤቱን እንዴት ነው የምለካው? አለቃዬ «ስንት ተሸጠ?» ይለኛል።

አለቃችሁ ልክ ናቸው። ችግሩ ብዙ ሰው የመለኪያውን ጉዳይ የሚያስበው ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ የቀረው ፎቶና «ሰው በጣም ወዶታል» የሚል ሪፖርት ብቻ ነው።

በደረጃ ቁጠሩ። በአጠገቡ ያለፈው 1,000 ሰው ነው እንበል። ቆሞ ያየው 300፣ በእጁ የሞከረው 120፣ ጨርሶ አድራሻ የተወው 40፣ በወሩ ውስጥ የገዛው 12። ብዙ ሪፖርት ላይ የሚጻፈው 1,000ው ነው። እናንተ ወጪውን ለ120ው አካፍሉት፣ ከዚያ ለ12ቱ። በሌላ መንገድ አንድ ደንበኛ ለማግኘት ከምታወጡት ጋር አስተያዩት። ደረጃዎቹ ሌላም ይነግሯችኋል። ከ300ው 120 ብቻ ከሞከረ ሰው ፈርቷል ወይ ሰልፉ ሰልችቶታል፤ ከ120ው 40 ብቻ አድራሻ ከተወ መውጫው ላይ ችግር አለ።

ለዝግጅቱ ብቻ የሚሠራ የቅናሽ ኮድ ወይም ኪውአር ኮድ ይኑራችሁ፣ ገዢው ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በተለያየ ቦታ የምትሸጡ ከሆነ ዝግጅት ያደረጋችሁበትንና ያላደረጋችሁበትን ተመሳሳይ አካባቢ ሽያጭ ለጥቂት ሳምንታት ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጥርጣሬውንም በቀጥታ ለኩ። ሰው ከመሞከሩ በፊት አንድ ጥያቄ፣ ከሞከረ በኋላ ያንኑ ጥያቄ ጠይቁት፤ «ይህ ለአንተ ይከብድሃል ብለህ ታስባለህ?» ዓይነት።

ቦታው ላይ የተሰጠን መልስ ግን እንደ መጨረሻ ፍርድ አትውሰዱት። ኮካ ኮላ በ1980ዎቹ ወደ 200,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ቅምሻ አድርጎ አዲሱ ጣዕም እንደሚበልጥ ተነገረው፣ በ1985 ለወጠው፣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ከ79 ቀን በኋላ የድሮውን መለሰ። በአንድ ጉንጭ የሚወደድ ነገር ቤት ውስጥ በየቀኑ ሲጠጣ ሌላ ነው፤ ሰው ከዕቃው ጋር ያለው ፍቅር ደግሞ በብርጭቆ አይቀመስም። ከወር በኋላ ደውላችሁ «አሁንም ትጠቀምበታለህ?» ማለትን አትርሱ።

ዝግጅቱ ካለቀ በኋላስ?

ቃል የገባችሁትን በሁለት ቀን ውስጥ ላኩ። ፎቶውን፣ ውጤቱን፣ ኮዱን። ሰው ሞቅ ያለው ያን ጊዜ ነው። ሳምንት ቆይቶ የሚመጣ መልእክት «እነማን ነበሩ?» ያሰኛል። ሠራተኞቹን ደግሞ በዚያው ማታ ሳይበተኑ አነጋግሯቸው፣ ሰው ደጋግሞ የጠየቀው ምን ነበር፣ የት ላይ ግራ ተጋባ። በማግሥቱ ይረሱታል።

ምርታችን ገና አንዳንድ ችግር አለበት። በጥሩ ዝግጅት መሸፈን አይቻልም?

አይቻልም። እንዲያውም ያጋልጠዋል፤ በአንድ ቀን መቶ ሰው በእጁ ይዞ ጉድለቱን ያገኘዋል፣ ስልኩም በእጁ ነው። መጀመሪያ ጥቂት የማታውቋቸውን ሰዎች ጠርታችሁ ያለ ካሜራ፣ ያለ ባነር አስሞክሩ። ምንም ሳታግዟቸው ራሳቸው ሲጠቀሙ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። የት ላይ እንደሚቆሙ ጻፉ፣ ያንን አስተካክሉ፣ ሌሎች ሰዎች ጠርታችሁ ድገሙት። ሰዎቹ እርዳታ ሳይጠይቁ የጨረሱ ጊዜ ቀኑን ቁረጡና ቦታ ፈልጉ።